ጎማው ውስጥ አራስ አለች

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሱቄ ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ ያለው ግን ሰፊ የጎሚስታ ቤት ነው፤ የምትሠራበትም ሴት ናት። ሠፈሩ ሁሉ «ጎሚስታዋ» ይላታል። የተቀየማት ደግሞ እሷ የማትሰማበት ርቀት ላይ ሲደርስ «አራስ ነብር» ይላታል። በአሥራ ስምንት ዓመት ጉርብትናችን በዚህ ስም ፊት ለፊት የጠራት ወንድ አላየሁም።

አትጮህም። ሰው የሚፈራትም ስለማትጮህ ይመስለኛል። የሚነግሯትን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ እጇን በቱታዋ ጭን ላይ ትጠርጋለች፣ ከዚያ «አይሆንም» ትላለች። አለቀ። አንድ ጊዜ አንድ የአሮጌ ጎማ ነጋዴ፣ ጥርሳቸው አልቆ መላጣ የሆኑ አራት ጎማዎች አምጥቶ በቢላ ጥርስ እንድታወጣላቸውና ጥቁር ቀለም ቀብታ አዲስ እንድታስመስላቸው ጠየቃት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ቢላዋን አነሳችና የአራቱንም ጎን ሸረከተችው። «አሁን ማንንም አይገድሉም» አለችው። ሰውየው ፖሊስ እጠራለሁ እያለ ሄደ። እውነትም ፖሊስ ይዞ መጣ። ፖሊሱ ነገሩን ሲሰማ ግን የራሱን ሞተር ብስክሌት ጎማ አስነፍቶ ተመለሰ።

ቤቱ ውስጥ ያለችውን ድመት እሷ አላመጣቻትም። ድመቷ ራሷ ናት ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ገብታ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ የጎማ ክምሩ አናት ላይ የወጣችው። ግራጫ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር አለባት፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ ተቀድዷል። አካሄዷ የባላባት ሚስት ስለሚመስል ጎሚስታዋ «እሜቴ» አለቻት፤ እኛም እሜቴ አልናት። የውስጥ ጎማ እየበሳ ያስቸግር የነበረው አይጥ ከዚያ ወዲያ ድራሹ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና መብራት ሳላበራ ጎሚስታዋ በር ላይ መጣች።

«ጋሼ፣ ና እስቲ» አለችኝ። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም፣ ዝቅ ብሏል።

ተከትያት ገባሁ። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ መሬት ላይ ተጋድሟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ እሜቴ የጎማው ሆድ ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ከየት ጎትታ እንዳመጣችው እንጃ፣ የጎሚስታዋን አሮጌ ሹራብ አንጥፋለች። ሆዷ ሥር አራት ነገሮች ይርመሰመሳሉ። እያንዳንዳቸው ከእጅ ሰዓት ማሰሪያ አይረዝሙም።

«ተገላገለች» አልኩ።

«ገና እናያለን» አለች።

«ጎማው የማነው?»

«የሲሚንቶ ጫኙ ሹፌር። ተጠግኖ አልቋል። ረቡዕ ሊወስደው ይመጣል።»

«ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?»

«አይወስደውም» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

የዚያን ዕለት ኮምፕሬሰሩን ብቻዋን ጎትታ ደጅ አወጣችው፤ እንዳይጮህባት ብላ። ቸርኬ የሚቀጠቅጥ ሰው ሲመጣ ወደ መንገዱ ጥግ ትሰደዋለች። ደንበኛው ምን ጉድ ነው ብሎ ሲጠይቅ «አራስ አለች» ትለዋለች፤ ሰውየው እሷ ወልዳ ይሁን ሌላ ሰው ግራ ይገባዋል።

ማክሰኞ ግን እሜቴ አልበላችም። ጎሚስታዋ ሥጋ ቆርጣ ሰጠቻት፣ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ውሃ አስጠጋችላት፣ እሱንም ተወችው። ልጆቹ ጡት እየፈለጉ ሲንጫጩ በእኔ ግድግዳ በኩል እንኳን ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለጎሚስታዋ ሻይ ይዤላት ስገባ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኘኋት።

እኔም ክፋት ሳልፈልግ፣ ሰው እንደሚለው፣ «ወልዳ ደክሟት ነው፤ ተያት፣ ትረፍ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ጋሼ፣ አከብርሃለሁ። ይህንን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳትለኝ» አለችኝ። ሻዩን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ሱቄ ገብቼ ስቀመጥ ነው የገባኝ። ታሪኩን ሠፈሩ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። አፌ ነው የቀደመኝ።

ይህች ሴት በሃያ ሁለት ዓመቷ አግብታ ነበር። ባሏ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ጸጥተኛ፣ ከእናቱ አፍ ሳይወጣ ቃል የማይናገር ሰው ነበር፤ የሚኖሩትም ከእናትየው ጋር ነው። ሴት ልጅ ወለደች፣ ቤት ውስጥ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀመረች። አማቷ «ወልዳ ደክሟት ነው፤ ተዋት፣ ትረፍ» አሉ፤ ልጃቸውም «እሺ» አለ። በአራተኛው ቀን አባቷ መጡ። ይህንን የጎሚስታ ቤት የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ከነቱታቸው። አማቷ «ተኝታለች፣ እንዳትቀሰቅሷት» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም፤ አልፈዋቸው ገቡ፣ ልጃቸውን ከነብርድ ልብሷ ተሸከሙ፣ ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ የጭነት መኪና ላይ አስተኝተው ሆስፒታል አደረሷት። ማህፀኗን አወጡት፤ ነፍሷ ተረፈች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ባሏ ቤት አልተመለሰችም። ሕፃኗን ታቅፋ በቀጥታ ወደዚህ መጣች። ልጅቷ በጎማ ክምር መሀል ዳዴ አለች፣ ቸርኬ ተደግፋ ቆመች፣ ዛሬ ሌላ ከተማ መምህርት ናት። እናትየው ደግሞ ከአባቷ ሥር ሆና ሙያውን ተማረች፤ መጀመሪያ ቀዳዳ በውሃ መፈለግ፣ ከዚያ መለጠፍ፣ ከዚያ የጭነት መኪና ጎማ በብረት ከቸርኬ ማላቀቅ። ሽማግሌው ሲሞቱ ታላቅ ወንድሟ ቤቱ ይከራይ አለ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄ ስደርስ የእሷ በር ግማሽ ተከፍቶ ነበር። ከውስጥ መጥፎ ሽታ መጣብኝ። እሜቴ ጭንቅላቷን ማንሳት አቅቷታል፤ ጆሮዋን ስነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ያቃጥላል። ሹራቡ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ፈሷል። ልጆቹ መንጫጨታቸውን ትተዋል፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ጎሚስታዋ ካርቶን አዘጋጅታለች። እሜቴን በፎጣ ጠቅልላ አስገባቻት።

«እንስሳት ክሊኒክ ልወስዳት ነው። ልጆቹ አንተ ጋ ናቸው» አለችኝ።

«እኔ ጋ? እኔ እኮ የማውቀው ሰዓት ነው።»

«ትንንሽ ነገር አይደል የምትይዘው? እነሱም ትንንሽ ናቸው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልለህ አጠገባቸው አኑር። ሲቀዘቅዝ ቀይር። ምንም አታብላቸው እስክመጣ። ሹፌሩ ቢመጣ ጎማውን እንዳትሰጠው።»

«ምን ብዬ ልከልክለው?»

«አይሆንም በለው» አለችና በሩን ዘግታ ቁልፉን እጄ ላይ ጣለችው። በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጋች። በመንገዱ ያሉት ባለሱቆች ሁሉ ወጥተው አዩ።

ክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን እሷ በሁለት ቃል ነው የነገረችኝ፤ ቀሪውን በኋላ ሐኪሙ ራሱ አጫወተኝ። ቦታው ላምና በግ የሚታከምበት ነው። ዘበኛው ካርቶኑን ከፍቶ አየና «እዚህ ከብት ብቻ ነው፣ ድመት አይገባም» አላት። እሷም ካርቶኑን ታቅፋ አለፈችው። ዘበኛው እጁን ሊዘረጋ ብሎ ክንዷን ሲያይ ተወው አሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የዚያን ቀን የሚወለድ ጥጃ ይዞታል፣ እጅጌው እስከ ትከሻው እርጥብ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ የድመት መድኃኒት እንኳን የለንም» አላት። «ተፈጥሮ ነው፤ አንዳንዷ ትተርፋለች፣ አንዳንዷ አትተርፍም። ደግሞ ሌላ ድመት አይጠፋም።»

«ጥጃውን አዋልድ፣ እጠብቃለሁ» አለችው። አዋለደ። ሲመለስ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ፣ መዝገቡ ላይ ተቀምጧል። ሊጽፍ ሲል መዝገቡን መጎተት አልቻለም።

«እትዬ፣ ካርቶኑን ያንሱልኝ።»

«መጀመሪያ እያት። ካየሃት በኋላ አይሆንም ካልክ አነሳለሁ። ሳታያት ግን ትተርፋለች አትተርፍም የምትለኝ ነገር የለም።»

ሐኪሙ ሲያጫውተኝ፣ «ጋሼ፣ ስትናገር ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም» አለኝ። ከፈተና አያት። ሙቀቷን ለካ፤ አርባ ነጥብ ስምንት። ሆዷን በሁለት ጣቱ ዳሰሰ፤ እንደገና ዳሰሰ።

«ስንት ወለደች አሉኝ?»

«አራት።»

«አምስት ናቸው። አንደኛው ውስጥ ቀርቷል። ሞቷል፣ እሷንም እየመረዛት ነው።»

ማህፀን የሚያጠብቅ መርፌ ወጋት፤ መጠኑን ለላም ከሚሰጠው ላይ በወረቀት እያሰላ ቀንሶ። ለኢንፌክሽኑም ሌላ ወጋት። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፤ ትከሻዋ ላይ እንደ ሻንጣ አበጠ። «እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ካልወጣ ቀዶ ጥገና ነው፤ በዚህ ድካሟ ደግሞ አትችለውም» አላት።

ጎሚስታዋ ሲሚንቶው ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ድመቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሆዷን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ታሽላት ጀመር፤ ሐኪሙ እንዳሳያት፣ ቀስ እያለች። ያ አውራ ጣት የጭነት መኪና ብሎን የሚፈታ ነው። ዘበኛው መጥቶ ወንበር አመጣላት፤ አልፈለገችም። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እሜቴ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ወገቧ ተጣጠፈ፣ የሞተው ልጅ ከነእንግዴ ልጁ ወጣ። ከዚያ ፎጣው ላይ ራሷን ጥላ ትንፋሿ ረዘም አለ።

እኔ ጋ ያለው ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር።

ሹፌሩ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቁመቱ የሱቄን በር የሚሞላ፣ ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ የተቀመጠበት ጎልማሳ ነው።

«ጋሼ፣ የዚህች ሴት በር ለምን ተዘጋ? ጎማዬን ልወስድ ነበር።»

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ደንበኛ የተሠራለትን ሰዓት ተበላሸ ብሎ ሲመጣ እንኳን ሳልከራከር እንደገና የምሠራ ሰው ነኝ። በዚያ ሰዓት ግን እጄ ሙቅ ጠርሙስ እየጠቀለለ ነበርና ቀና ሳልል «አይሆንም» አልኩት።

«ምን አልከኝ?»

«ጎማህ ውስጥ አራስ አለች። ለጊዜው ሐኪም ቤት ሄዳለች። ልጆቿ ውስጥ ናቸው።»

በሩን ከፍቼ አስገባሁት። ጎንበስ ብሎ ጎማው ውስጥ አየ፤ አራቱ ጠርሙሱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ «ታዲያ እኔ ለአለቃዬ ምን ልበለው? ድመት ወለደችበት ልበለው?» አለኝ። እየተሳደበ ወጣ። ሲሳደብ ግን ድምጹን ቀንሶ ነበር።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ መጣ። የቢሮ ኃላፊ ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ እንደተወለወለ፣ ወደዚህ መንገድ ሲመጣ ዘይት እንዳይነካው እየዘለለ የሚራመድ ሰው ነው። አብሮት ከረባት ያሰረ አንድ ሰው አለ። ቤቱን አይቶ ለጫማ መሸጫ ሊከራይ የመጣ መሆኑን ከወሬያቸው ሰማሁ። እህቱ ምንም አታውቅም። በሩን ዝግ ሲያገኘው ፊቱ ተለዋወጠ።

ገና ሲጠይቀኝ ታክሲ ቆመና ጎሚስታዋ ካርቶኑን ታቅፋ ወረደች። ቱታዋ ደረቷ ድረስ እድፍ በእድፍ ነው። ወንድሟን አየች፣ ከረባት ያሰረውን ሰው አየች፤ ለሁለቱም እጅ ነሳችና ወደ በሩ አመራች።

«ሱቁን በሥራ ቀን ለድመት ብለሽ ዘጋሽው?» አላት ወንድሟ።

«ለአራስ ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«አባታችን ሲሞት እንኳን በሦስተኛው ቀን ከፍተሽ ነበር።»

«አባቴ ሞቶ ነበር። ይቺ በሕይወት አለች።»

«እንግዳ ይዤ መጥቼ አዋረድሽኝ። ሰው ምን ይላል? ድመት አራስ ትባላለች እንዴ?»

ካርቶኑን ለእኔ ሰጠችኝ። እጇን በቱታዋ ጠረገች።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔስ ያን ጊዜ ተባልኩ?»

ወንድሟ ወደ እንግዳው ዞር አለ።

«በሦስተኛው ቀን የተላከው አንተ ነበርክ። እማዬ እህትህን እያት ብላ ልካህ። መጣህ። በር ላይ ቆመህ እንዴት ናት ስትል ድምጽህን ሰምቻለሁ። ተኝታለች አሉህ። እሺ ትረፍ አልክ። ልጠራህ ሞከርኩ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ቤት ገብተህ ደህና ናት ብለህ ተናገርክ። አባቴ በማግስቱ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ይህንን ቤት ለማን እንደምታከራይ የሚጠይቅህ አልነበረም።»

በአሥራ ስምንት ዓመት ጉርብትና ይህችን የታሪኩን ክፍል ሰምቼ አላውቅም። ከሁኔታው እንዳየሁት እሱም ሰምቶ አያውቅም።

«እኔ… እንደዚያ መሆንሽን አላወቅኩም» አለ።

«ወደ ውስጥ አልገባህማ» አለችው።

ሌላ አልጨመረችም። ካርቶኑን ከእጄ ወስዳ ቁልፉን ተቀብላኝ ከፈተች። ከወንድሟ ጫማ አጠገብ የዘይት ኩሬ ነበረ፣ ሳያየው ረገጠውና ሄደ። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ግን ቀረ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ፣ እህቴ… እንግዲህ ቤቱ እንደማይከራይ ገብቶኛል። የመኪናዬ የኋላ ጎማ ግን ጠዋት ጠዋት ተኝቶ አገኘዋለሁ። ታዪልኝ ይሆን?»

«አምጣው» አለችው። ሚስማር ነበረበት፤ ነቅላ ለጥፋ ሰደደችው።

ማምሻውን ሹፌሩ ተመለሰ። ሲገባ ደረቱን ነፍቶ ነበር። እሷ አላስጀመረችውም። የራሷን መቀየሪያ ጎማ ከክምሩ ላይ አንከባላ አወጣች፣ መኪናውን በክሪክ አነሳች፣ ገጠመች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች።

«ያንተ እስኪለቀቅ በዚህ ንዳ» አለችው።

«እኔ የራሴን ነው የምፈልገው።»

«ያንተ ተይዟል።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትነሳ።»

ሹፌሩ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የእኔ ሙያ የተፈተነባቸው ናቸው። ሐኪሙ እናትየው እስክትድን ለልጆቹ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ የፍየል ወተት እንዲሰጣቸው፣ የላም ወተት ግን ሆዳቸውን እንደሚያውከው ነግሯታል። ማብሊያው ደግሞ ችግር ሆነ፤ የእሷ ጣቶች ለእነዚያ አፎች ወፍራም ናቸው። እኔ ሰዓት ዘይት የምቀባበት ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ አዲስ ማንጠብጠቢያ ነበረኝ። አፍልቼ አጠብኩት። መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ልጁን በግራ እጄ ይዤ፣ ጠብ ሳደርግለት ምላሱን አወጣ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ልጅ የለኝም። ከበሉ በኋላ ሆዳቸውን በእርጥብ ሙቅ ጨርቅ ማሸት አለ፤ አለበለዚያ አይሸኑም። ይህንንም ተማርኩ። ደንበኛ ሰዓት ይዞ ሲመጣ «ጠብቅ፣ አንዷ አልሸናችም» ያልኩበት ጊዜ አለ።

እሜቴን መድኃኒት ማዋጥ የጎሚስታዋ ሥራ ነበር። ኪኒኑን በብሎን ፈጭታ፣ በሥጋ ውሃ በጥብጣ፣ መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ በጉንጯ በኩል ትሰጣታለች። ሐሙስ ዕለት እሜቴ ነከሰቻት፤ አውራ ጣቷ ደማ።

«እሰይ» አለች፣ ደሙን እየጠረገች። «ትናንት ለመንከስ አቅም አልነበራትም።»

ዓርብ ጠዋት ግን ከአራቱ ትንሹ፣ ነጭ እግር የነበረው፣ አልነቃም። ማታ ወተቱን ትቶት ነበር። በእጄ ይዤው ወደ እሷ ሄድኩ፤ ምን እንደምል አላወቅኩም። ተቀበለችኝ፣ መዳፏ ላይ ትንሽ ያዘችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው። ከቤቱ ጀርባ ጎማ ማንሻ ብረቷን ይዛ ቆፈረች፣ ቀበረችው። ሠፈሩ እያየ ነበር፤ አንዱ ከማዶ ሳቀ። ቀና ብላ እስኪጨርስ አየችው። ሳቁ መሀል ላይ አለቀበት።

«የቀሩት ሦስት ናቸው። ሰዓታቸው ደርሷል፣ ሂድና አብላቸው» አለችኝ።

ያን ቀን ልጇ ደወለችላት። መምህርቷ ነገሩን ሁሉ ሰምታ፣ «እማዬ፣ ለድመት ብለሽ ራስሽን ገደልሽ እኮ። ትንሽ ተኚ» ስትላት በስልኩ ሰማሁ። ጎሚስታዋ «ስተኛ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ» አለችና ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሦስቱን ለማብላት ማንጠብጠቢያዬን ይዤ ስገባ እሜቴ ተነስታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ጠርቷል። እጄ ላይ የያዝኳትን ልጅ አሽትታ አገኘችና በአንገቷ ይዛ ነጠቀችኝ። ጎማው ሆድ ውስጥ ገብታ ተጋደመች። ሌሎቹ ሁለቱም ተንፏቅቀው ደረሱ። እኔና ጎሚስታዋ ሳንተነፍስ ቆመን አየን። መጥባት ሲጀምሩ ያ የታወቀ ድምፅ፣ ኩርርር የሚለው፣ ከጎማው ውስጥ ወጣ፤ ላስቲኩ ስለሚያስተጋባ እንደ ትንሽ ሞተር ነው የሚሰማው።

ጎሚስታዋ አንድ የተገለበጠ ቸርኬ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኮምፕሬሰሩ ደጅ ላይ ሲጮህ ሰማሁ።

እሑድ ሐኪሙ በብስክሌት መጣ፤ ማንም ሳይጠራው። እሜቴን ዳሰሳት፣ ሙቀቷን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ሬሳዋን ልትጥዪ የምትወስጃት ነበር የመሰለኝ» አላት። እርስዎ ማለቱን ትቶ ነበር። በሁለት ወሯ እንድታመጣትና ዳግመኛ እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና እንዲሠራላት ነገራት። በሁለት ወሯ ወሰደቻት፤ ተሠራላት።

ሹፌሩ ጎማውን የወሰደው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በመሀል በየሳምንቱ ብቅ እያለ «ጎማዬ እንዴት ነው?» ይላል፤ ጎንበስ ብሎ አይቶ ይሄዳል። አንዷን ልጅ ሊወስድ ፈልጎ ነበር፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ ድመት አልፈልግም ስላለች ቀረ። አንደኛዋን መምህርቷ ለዕረፍት ስትመጣ ወሰደቻት። አንደኛው እዚያው ጎማ ቤት ቀረ፣ ከእናቱ ጋር። ሦስተኛዋ እኔ ጋ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ ትተኛለች፤ ጥቃቅን ብሎኖቼን በእግሯ እየገፋች ትጥላለች፣ እኔም ተንበርክኬ እለቅማለሁ።

ወንድሟ ሁለት ወር አልመጣም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ መጣ። ስለ ቤቱ ኪራይ አላነሳም። ቸርኬው ላይ መሀረቡን አንጥፎ ተቀመጠ። ይቅር እንዳለችው አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም፣ እሷም የምትነግረኝ ዓይነት ሰው አይደለችም። አሁን ግን በወር አንዴ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ደንበኛ ትልቅ መኪና አቁሞ ወረደ። ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ፣ «እናቴ፣ ባለሙያው የለም? ወንድ የለም እዚህ?» አላት።

ጎሚስታዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። እጇን በቱታዋ ላይ ጠረገችና ሱቄ በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ጠቆመች።

«ወንድስ አለ» አለችው። «እሱ ግን የሚሠራው ሰዓት ነው። ክሪኩን አቀብለኝ።»